እናቴ በቴሌቪዥን የሞተችበት ሳምንት

ከቢቸና የወጣሁት ጎህ ሳይቀድ በሚነሳው የአዲስ አበባ አውቶቡስ ነው። ዋዜማውን ቤታችን በሸኚ ተሞልቶ ስለነበር ጋደም የምልበት ቦታ እንኳ አልነበረኝም፤ ደግሞስ በዚያ ሌሊት ማን እንቅልፍ ይወስደዋል። እናቴ ለዚህ መቀመጫ፣ ለዚያ መጠጫ ስትል አመሸችና ሰው ሳሳ ሲልላት ጎረቤታችንን ወይዘሮ ደብሬን ወደ ጓዳ ጠራቻት። እኔ ከመጋረጃው ወዲህ ሻንጣዬን እያሰርኩ ስለነበር ሁሉንም ሰማሁት።

«ደብርዬ፣ አንድ ነገር ብሆን በስልክ እንዳትነግሯት። በሰው አገር ብቻዋን ሆና እንዳትሰማ። በወጉ፣ ሰው ሰብሰብ ብሎ፣ በማለዳ ይነገራት። አደራ ብያለሁ።»

«ምን ያናግርሻል አንች፤ ልጅቱ ገና ከደጅ አልወጣች።»

«ከደጅ ከወጣች በኋላማ ምን ጊዜ አለኝ» አለች እናቴ፤ ወደ እንግዶቿም ተመለሰች።

አውቶቡሱ ሞተሩን ሲያስነሳ አባቴ ወደ መስኮቱ ቀረቡ። መሪጌታ ናቸው፤ ሊመርቁኝ ነው ብዬ አንገቴን አወጣሁ። እሳቸው ግን «ለዚያ ባሕር ለሚባለው ሰውዬ ሰላም በይልኝ» ብለውኝ ዞረው ሄዱ። እስከ ደጀን ድረስ አለቀስኩ። ዓባይ በረሃ ስንወርድ ሙቀቱና ጠመዝማዛው ሌላ ሕመም አመጣብኝና ልቅሶዬን ረሳሁት።

ባሕር የተባለው ታላቅ ወንድሜ ይበልጣል ነው። አባቴ ቅኔ ቤት ሊያስገቡት ነበር ሐሳባቸው። እሱ ግን በጠዋት ይነሳና በደብረ ወርቅ መንገድ እየሮጠ ሄዶ እየሮጠ ይመለሳል። የሰፈሩ ሽማግሌዎች «ይኼ ልጅ ዕለት ዕለት ምን እየረሳ ነው የሚመለሰው?» ይሉ ነበር። ሩጫው ግን ሩጫ ሆነለት። አገር ቤት የሚሰለፍበት ቦታ ሲጠበው ቱርኮች ፈለጉት፤ ዜግነት ሰጡት፤ ከዜግነቱ ጋር ደግሞ ስም ሰጡት። ዴኒዝ አሉት፤ ባሕር ማለት ነው። የአባቱንም ስም በሌላ ተኩለት።

አባቴ በዜግነቱ አልተቀየሙም። «አገር እንጀራ ነው፤ ከተገኘበት ይበላል» አሉ። «ስም ግን እኔ የሰጠሁት አንድ ነገር ነበረ።» ይህችን ቃል ሰው አደረሰለት። ይበልጣልም ተቀይሞ ስልክ መደወል አቆመ። አባት ልጁ ይደውል ብለው፣ ልጅ አባቱ ይጥሩኝ ብሎ፣ ሁለቱም ኩራታቸውን ይዘው ተቀመጡ። እናቴ በመካከል ሆና ለሁለቱም ስትጨነቅ ኖረች።

ኢስታንቡል ስደርስ ይበልጣል አውሮፕላን ማረፊያ ጠበቀኝ። አቅፎኝ ብዙ ቆየ። የአባቴን መልእክት እንዳለ ነገርኩት። ሳቀ፤ ወዲያው ፊቱን አዞረ። የሚኖረው ከኢስታንቡል ራቅ ያለ ከተማ፣ የአትሌቶች ካምፕ ውስጥ ስለሆነ ኩምካፒ የሚባል ሰፈር ከራሄል ጋር ቤት ፈለገልኝ። ራሄል የደብረ ማርቆስ ልጅ ናት፤ እዚህ ከእኔ በፊት ብዙ የቆየች። ቤቱ ቦድሩም ነው፤ ከመሬት በታች ማለት ነው። በመስኮታችን የሚታየን የአላፊ አግዳሚው ጫማ ብቻ ነበር።

እዚህ ያላችሁ ታውቁታላችሁ፣ አገር ቤት ላላችሁ ልንገራችሁ። የዚህ አገር ሰው ጠዋት የሚበላው የወይራ ፍሬ በጨው ነው። እኛ ወይራ የምናውቀው እንስራ ሲታጠን ነው እንጂ ለቁርስ መች ቀርቦልን ያውቃል። ብርዱም ሌላ ነው። የቢቸና ብርድ ፀሐይ ስትወጣ ይለቃችኋል፤ የዚህኛው ግን ከባሕር ስለሚመጣ እርጥብ ነው፣ ልብሳችሁ ውስጥ ገብቶ አብሯችሁ ይውላል። ደግሞ ሰላምታ አያረዝሙም። እኔ የሰውየውን ጤና፣ የልጆቹን ጤና፣ የእናቱን ጤና ልጠይቅ ስሰናዳ እሱ ጥግ ጋ ደርሷል። አንድ የምወድላቸው ነገር ሥራ ላይ ያለን ሰው ዝም ብለው አያልፉም፤ «ኮላይ ገልሲን» ይላሉ፣ ይቅለልሽ እንደማለት። ልብስ ስፌት ቤት ትርፍ ክር ስቆርጥ ስውል ያቺ ቃል ታበረታኝ ነበር።

የመኖሪያ ፈቃድ ልጠይቅ የሄድኩ ዕለት አስተርጓሚዬ ራሄል ነበረች። ሹሙ ወፈር ያለ፣ ከፊቱ ሻይ የማይለይ ሰው ነው።

«እዚህ አገር ማን አለሽ?» አለኝ።

«ወንድሜ።»

«ስሙ?»

ስነግረው ብርጭቆውን አስቀመጠ። «የሚሮጠው ዴኒዝ? የኛ ዴኒዝ?»

«የእናንተም፣ የእኛም» አልኩት።

ኮምፒውተሩን ነካ ነካ አደረገና ራሱን ነቀነቀ። «የዴኒዝ የአባት ስም ሌላ፣ ያንቺ የአባት ስም ሌላ። እሱ ቱርክ ነው፤ አንቺ ቱርክ አይደለሽም። እንዴት ወንድምሽ ይሆናል?»

«አንድ እናት ናት የወለደችን።»

«እናትየው ቱርክ ናት?»

«አይደለችም።»

«አየሽ» አለ፣ ነገሩ እንዳለቀለት ዳኛ ወንበሩ ላይ ደገፍ ብሎ። ከዚያ ለእኔም ለራሄልም ሻይ አዘዘልን። ስንወጣ በር ድረስ ሸኝቶን «ካገኘሽው ግን ሁላችንም እንደምንወደው ንገሪው» አለኝ። ወረቀቱን በሌላ መንገድ፣ በስፌት ቤቱ በኩል ነው ያገኘሁት።

በመጀመሪያው ዓመት አባቴ በስልክ አልገኝ አሉኝ። ስደውል «ጠበል ሄደዋል» ይሉኛል። ሌላ ቀን ስደውል «ገዳም ናቸው፣ ሱባኤ ይዘዋል»። ሌላ ቀን «ደብረ ወርቅ ጉባኤ አለ»። የቤተ ክህነት ሰው ስለሆኑ ሁሉም ያስኬዳል፤ እኔም አመንኩ። አንድ እሑድ ማለዳ በራችን ተንኳኳ። እትዬ ጥሩወርቅ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው፣ ከኋላቸው ሌሎች ሴቶች፣ ከሴቶቹ ኋላ ወንዶች። እትዬ ጥሩወርቅ በዕድሜም በኑሮም የኩምካፒ አበሻ ሁሉ እናት ናቸው፤ ክርስትናውም መርዶውም ያለ እሳቸው አይሆንም። አባቴ በክረምት ተቀብረው እኔ የሰማሁት በጥምቀት ሰሞን ነው። ሴቶቹ ይዘውኝ አለቀሱ፤ በወጉ ተደረገልኝ። ይበልጣል አንድ ከሰዓት መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ጥቁር መነጽሩን አላወለቀም። አገር ቤትም አልሄደም። ሲመሽ ተነስቶ ወደ ካምፑ ተመለሰ።

ከዚያ በኋላ ነው ትልቁ ድሉ የመጣው፤ ከድሉም በኋላ ዲዚው። ዲዚ የሚሉት የእነሱ የቴሌቪዥን ድራማ ነው። ሐሙስ ሐሙስ ማታ ይታያል፤ አንዱ ክፍል ከቅዳሴ ይረዝማል። የወንድሜን ሕይወት ሊያሳዩ ነው ሲባል የኩምካፒ አበሻ በሙሉ ቦድሩማችን ገባ። እህቱ እኔ ነኛ። አልጋው ላይ፣ መሬቱ ላይ፣ የተገለበጠ ባልዲ ላይ ሳይቀር ተቀመጡ።

መጀመሪያ የመጣው አሸዋ ነው። በአሸዋው ላይ ግመሎች ተሰልፈው ያልፋሉ። ከሥሩ «ቢቸና» ብለው ጽፈውበታል።

«ቢቸናን የት ወሰዷት?» አሉ እትዬ ጥሩወርቅ።

እኛ ያለን በክረምት ጫማን ከነእግሩ የሚያስቀር ጥቁር ጭቃ ነው፤ ግመል ያየሁት እኔ ራሴ ሻይ ቤት ግድግዳ ላይ በተሳለ ሥዕል ነው። እናቴን ሆና የምትጫወተው ሴትዮ ደግሞ ከየት እንዳመጧት እንጃ፣ ረጅም፣ አንገቷ እስከ አገጯ በጨሌ የተሞላ፣ ሁሌ ወደ ሩቅ የምታይ ናት። አባቴን ገና በመጀመሪያው ክፍል ገደሏቸው። መሪጌታነት የለ፣ ቅኔ የለ፤ ከብት ሲያግዱ አንበሳ በላቸው። ሰዉ በሳቅ ሞተ። እኔም ሳቅሁ፤ ሌሊት ግን አባቴን አንበሳ መብላቱ አልዋጥልኝ አለ።

«የሺ፣ አንቺስ የታለሽ?» አለች ራሄል።

«ገና አልተወለድኩም» አልኩ።

ሳምንታት አለፉ፤ አልተወለድኩም። ዴኒዝ ላንዲት እናት አንድ ልጅ ሆኖ ቀረ። እናቴ ስትልከኝ ከወንዝ ጠርቼ የመለስኩት፣ ሲሮጥ ልብሱን ይዤ የጠበቅሁት እኔ፣ ጥላዬ እንኳ አልታየም። ከፋኝ፤ ለሰው ግን አልተናገርኩም።

አገር ቤት ጣቢያው አይገባም፤ እናቴ አታየውም። ስለዚህ ዓርብ ዓርብ እደውላለሁ። ገና ሰላምታውን ሳንጨርስ «እህ፣ ትናንት ምን አደረግሁ?» ትለኛለች። ጨሌውን አልነገርኳትም። ጥልፍ ቀሚስ አለበስኳት፤ አሸዋውን የጤፍ ማሳ አደረግሁት፤ አንበሳውን ዋጥኩት። እሷ የሰማችውን በበነጋው ቤተ ክርስቲያን ደጅ ለሴቶቹ ትነግራለች። አንዳንዴ ትከራከረኛለች።

«አልቅሻለሁ?»

«አዎ፣ እሱ ሲሄድ።»

«ሰው ፊት? እኔ ሰው ፊት አላለቀስኩም። ቤት ገብቼ በሩን ዘግቼ ነው። ንገሪያቸው እንዲያስተካክሉት።»

እነግራቸዋለሁ አልኳት። ማንን እንደምነግር እግዜር ይወቅ።

እንዲህ ስንል ያ ሐሙስ መጣ። ዴኒዝ ውድድር ላይ ነው፤ በአሸዋው አገር ባለጨሌዋ ሴትዮ ታማ ተኝታለች። ስሙን ትጠራለች። «ዴኒዝ፣ ዴኒዝ» እያለች ትሞታለች። እሱ ሜዳልያውን አንገቱ ላይ እንዳደረገ አውሮፕላን ይሳፈራል፣ በአሸዋው ላይ ይሮጣል፣ ሊቀብሯት ሲሉ ይደርሳል። ሰውን ገፍቶ ገብቶ ከመቃብሩ አፍ ላይ ይወድቃል።

አንዷ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። ከዚያ ሰዉ አንድ በአንድ መውጣት ጀመረ፤ ማንም ዓይኔን አያየኝም። ዕቃ አንስታ የማታውቀው ራሄል ሳህኖቹን ሁሉ አጠበች። እትዬ ጥሩወርቅ ሲወጡ ጉንጬን ደጋግመው ስመው «በይ ልጄ፣ በደንብ ብዪ፣ ተኚ» አሉኝ። ድራማው ልባቸውን ነክቶት ነው ብዬ ተኛሁ።

ዓርብ እንደልማዴ ደወልኩ። የእናቴ ስልክ ተዘግቷል። ቅዳሜም ተዘግቷል። ወይዘሮ ደብሬ ዘንድ ደወልኩ።

«ሞጣ ሄዳለች፣ እህቷ ዘንድ» አሉኝ።

«ስልኳስ?»

«ትታው ይሆናል እንጃ። ምነው? አንች ደህና ነሽ? ሰው አብሮሽ አለ?»

ስልኩን ዘግቼ አልጋዬ ላይ ተቀመጥኩ። ሞጣ። ጠበል፣ ገዳም፣ ደብረ ወርቅ፣ አሁን ደግሞ ሞጣ። አክስቴ ሞጣ እንዳለች አውቃለሁ፤ እናቴም ከዘመን ዘመን ትጠይቃታለች። «ሰው አብሮሽ አለ?» የምትለዋ ግን ከጆሮዬ አልወጣ አለች።

እሑድ ማለዳ በሩ ተንኳኳ።

ስከፍት እትዬ ጥሩወርቅ ነጠላቸውን ዘቅዝቀዋል። ከኋላቸው ሴቶች፣ ከሴቶቹ ኋላ ወንዶች። ወደ ኋላዬ ሸሸሁ።

«አይደለም» አልኩ። «እትዬ፣ ድራማ ነው። ተዋናይት ናት የሞተችው።»

«ልጄ፣ በአባትሽም ጊዜ እንዲሁ ነበር ያልሽው።»

«አባቴን አንበሳ በላ ብለው ያሳዩት እኮ እነሱው ናቸው።»

«አንበሳውን ዋሽተዋል። መሞታቸውን ዋሽተዋል? ሞተዋል አላሉሽም?» አሉ፤ ድምፃቸው እየራራ። «የይበልጣል ታሪክ ነው። እሱ ሳይነግራቸው ከየት ያመጡታል? ካንቺ ደብቀው ለፊልም ሰዎቹ ነገሩ። በይ ቁጭ በይ፣ ልጄ።»

ስንት ጊዜ ሰምተናል፤ የሰፈሩ ሰው ሁሉ አውቆ ከሟቹ ልጅ ብቻ ሲደበቅ። የሚደበቅባት ሁሌ ሳቂታ ናት፤ ሌሎቹ ያዩዋታል። ሐሙስ ማታ ያዩኝ እንደዚያ ነበር። መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ሴቶቹ ይህን እንደማመን ቆጠሩትና ልቅሶው ተነሳ። እኔም አለቀስኩ። ያመንኩት ነው ያላመንኩት እስካሁን አላውቀውም።

ድምፁን ሰምቶ የቤቱ ባለቤት ሃሊል አምጃ ከላይ ወረደ። አምጃ አጎት ማለት ነው፤ አከራይም ቢሆን እንዲህ ነው የሚጠራው። በሩ ላይ ቆሞ ሰዉን አየ።

«ቤቱን ለሁለት ሰው ነው ያከራየሁት» አለ።

«እንግዶች ናቸው አምጃ» አለች ራሄል። «እናቷ ሞተውባት ነው።»

ወዲያው ኮፍያውን አወለቀ። «ባሽን ሳኦልሱን» አለኝ፤ ራስሽ ይዳን እንደማለት ነው። «ምን ሆነው?»

ራሄል ግራ ገብቷት «ሐሙስ ዕለት፣ በዲዚው ላይ የሞቱት ናቸው። የዴኒዝ እናት» አለችው።

«እኔና ባለቤቴም እያየን አለቀስን» አለ ሃሊል አምጃ፤ ቀጥሎ ቅንድቡ ተሰበሰበ። «ግን ይቺ ምን አገናኛት?»

«እህቱ ናት።»

«ዴኒዝ እህት የለውም» አለ፣ እንዳላዋቂ ልጅ እያየኝ። «አንድ ልጅ ነው። ከመጀመሪያው ክፍል ጀምሬ ነው የማየው።»

በልቅሶዬ መካከል ሳቅ አመለጠኝ። ሴቶቹ ኀዘን አስቷት ነው ብለው ጠበቅ አድርገው ያዙኝ። ሃሊል አምጃ ምን እንደተሰማው እንጃ፣ ወጥቶ ሄዶ በትልቅ ትሪ ሻይ ደርድሮ ተመለሰ። ያን ያህል ብርጭቆ ያለው ሰው መሆኑን ያን ቀን አወቅሁ።

ይበልጣል ካምፕ ሲሆን ስልክ አያነሳም። ራሄል ደጋግማ ስትደውል ግን አነሳ። ስልኩን ነጠቅኋት።

«እማዬ አለች?» አልኩት።

«ምን ማለትሽ ነው? ምን ሰማሽ?»

«አንተ ነህ የነገርካቸው? ሞታለች ብለህ ነው የነገርካቸው?»

«እኔ አልነገርኩም። የሺ፣ ሞታለች እንዴ? ሞታለች?»

እሱም አያውቅም። ከእናቱ ጋር ከተነጋገረ ስንት ጊዜ እንደሆነው ስጠይቀው አልመለሰልኝም። ከዚያ ያልጠየቅሁትን መናገር ጀመረ።

«የድራማው ጽሑፍ ሰዎች መጥተው ስለ አባቴ ጠየቁኝ። ቀብሩ ላይ ምን ተሰማህ አሉኝ። አልሄድኩም አልኳቸው። እርስ በርስ ተያዩ። ይኼን ካሳየን ሰው ይጠላሃል አሉ። አባትየውን መጀመሪያ ላይ እናውጣቸው፣ እናትየው ይሙቱ፣ ለእሳቸው ትደርሳለህ አሉኝ።»

«አንተስ ምን አልክ?»

«እሺ አልኩ። ሲቀርጹት ቆሜ አየሁት። እኔን ሆኖ የሚጫወተው ልጅ ሲወድቅ አየሁት። እኔ እዚያ ቆሜ አለቀስኩ፣ የሺ።»

«እሱን ተወውና ለእናትህ ደውል።»

«ምን ብዬ?»

እደውልልሃለሁ ብዬ ዘጋሁት።

ወይዘሮ ደብሬ ዘንድ እንደገና ደወልኩ። እውነቱን ይንገሩኝ ብዬ ለመንኳቸው፤ በጊዮርጊስ አስማልኳቸው። ማሉልኝ። «ኧረ ልጄ፣ በእግሯ ነው አውቶቡስ የተሳፈረችው!» አሉኝ። ይህን ለሴቶቹ ስነግራቸው እትዬ ጥሩወርቅ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ምን ይበሉ፤ አደራ አለባቸው» አሉ። ያን አደራ በጆሮዬ የሰማሁት እኔ ነኝ። ከመጋረጃው ወዲህ ባልቆም ኖሮ የወይዘሮ ደብሬ መሐላ ይበቃኝ ነበር። አሁን ግን ከእናቴ ከራሷ ድምፅ በቀር ምንም አያሳምነኝም።

ወይዘሮ ደብሬ የአንድ ባለ ሱቅ ስልክ ፈልገው ሰጡኝ፤ ሞጣ፣ ከአክስቴ ቤት አጠገብ ያለ። ደወልኩለት።

«ከቢቸና የመጡት እናት? ከእህታቸው ጋር ቅዳሴ ሄደዋል» አለኝ።

«አንተ በዓይንህ አይተሃቸዋል?»

«እኔ ዕቃ ልሸጥ ነው የተቀመጥኩት እንጂ መንገደኛ ልቆጥር ነው እንዴ፣ እህቴ? ሄደዋል አሉኝ። ሲወጡ አስጠራልሻለሁ።»

ተቀመጥን። ማልቀስ አይቻል፣ መሳቅ አይቻል። ሴቶቹ ነጠላቸውን ያቅኑት ይተዉት ጨንቋቸው፣ አንዷ ታቀናዋለች፣ እትዬ ጥሩወርቅ ሲያዩዋት መልሳ ትዘቀዝቀዋለች። የሃሊል አምጃ ሻይ ቀዘቀዘ። የሞጣ ጊዮርጊስ ቅዳሴ እዚያ ቦድሩም ውስጥ ሆነን የጠበቅነውን ያህል ረዝሞ አያውቅም።

ስልኩ ሲጠራ ሁሉም እንዲሰማ ድምፁን ከፈትኩት። መጀመሪያ የትንፋሽ ድምፅ መጣ፣ የሮጠ ሰው ትንፋሽ።

«ማን ሞተ?» አለች እናቴ።

ስልኩን በሁለት እጄ ያዝኩት።

«የሺ፣ ንገሪኝ፣ ልቤ ችላለች። ልጄን ነው? ይበልጣልን ነው?»

«ማንም አልሞተም እማዬ» አልኳት፤ እንባዬና ንፍጤ አንድ ሆኖ። «አንቺ ነሽ የሞትሽው።»

«እ?»

«በድራማው። ሐሙስ ዕለት ሞትሽ። ሰዉ እውነት መስሎት መርዶ ሊነግረኝ መጥቶ ይኸው ቤት ሞልቷል። ስልክሽ ዝግ ነው፣ ሞጣ ነሽ ይሉኛል።»

«ስልኩን የደብሬ ፍየል አላመጠችው፤ ደብሬ አፍራ ነው ያልነገረችሽ» አለች። ከዚያ መሳቅ ጀመረች። ቦድሩሙ ሁሉ አብሯት ሳቀ፤ እትዬ ጥሩወርቅ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ፣ ነጠላውንም አቀኑት። ሰዉ «እሰይ፣ እሰይ» እያለ ተነሳ። እናቴ ግን ሳቋን በመሀል አቆመች።

«እና ቀብሬ እንዴት ነበረ?»

«ደህና ነበረ እማዬ። ሰው ሞልቶ።»

«ካህናቱስ?»

«ሞልተው» አልኩ፤ አንድም አልነበረም።

«ይበልጣልስ?»

የተነሱት መልሰው ተቀመጡ።

«መጣ» አልኳት።

«መጣ?»

«ከአውሮፕላን ወርዶ እየሮጠ ነው የመጣው። ሊቀብሩሽ ሲሉ ደረሰ። መቃብርሽ ላይ ወደቀ።»

ከእናቴ ኋላ የሞጣ እሑድ ይሰማኛል፤ አንድ ሰው ከብት ይነዳል፣ አንዱ ሌላውን ይጠራል። ባለ ሱቁ አንድ ነገር ሲላት «ቆይ ወንድሜ» አለችው።

«ምን ብሎ ጠራኝ?»

«እማዬ አለሽ።»

«በኛ?»

«በነሱ ቋንቋ። አኔ ነው የሚሉት።»

«አኔ» አለች ቀስ ብላ። «ይሁን። እሱም እናት ማለት ከሆነ ይሁን። ለእሱ ሞታለች ብላችሁ አታስደንግጡት። ደህና ናት በይው። መንገዱ ከዓባይ ወዲህ ሁሉ ተሠርቷል በይው፤ እሱ ሳያየው ነው የተሠራው።»

«እሺ እማዬ። ስልክ ገዝተሽ እስክትመለሺ በባለ ሱቁ ስልክ እደውልልሻለሁ።»

«አትዝጊው። ድገሚልኝ» አለች። «ሞቴን ተይው። ከመምጣቱ ጀምሪልኝ።»

እትዬ ጥሩወርቅን አየኋቸው፤ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረዋል። ስልኩን ወደ አፌ አስጠጋሁና እንደገና ጀመርኩ። በዚህኛው አሸዋውን ተውኩት። ጎህ ሲቀድ በደጀን በኩል፣ በአውቶቡስ አመጣሁት።